«ሁለት ባር» ስንት ነው? ስለ ሾክ ዌቭ ማሽኖች ልኬት

ከሜክሲኮ እስከ ካሳንቺስ ባለው መንገድ በፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ ታፔላ ላይ «ሾክ ዌቭ አለን» የሚል ጽሑፍ ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ቲክቶክ ላይማ አይጠየቅም። የተረከዝ ሕመም፣ የትከሻ ሕመም፣ የክርን ሕመም፣ ሁሉም ወደዚያ በግፊት ሞገድ ወደሚመታ ማሽን ይላካል። የኩላሊት ጠጠርን ያለ ቀዶ ጥገና ከውጭ ሆኖ የሚሰብረው ማሽንም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ እንዲያውም ታላቅየው እሱ ነው።

ሕክምናው ለየትኛው ሕመም ይሠራል የሚለውን ክርክር ለሌላ ጊዜ እንተወው። ዛሬ ማንሳት የፈለግኩት ከዚያ በፊት መመለስ ያለበትን ጥያቄ ነው። ስክሪኑ ላይ የምናየው ቁጥር የሚናገረው ስለ ምንድነው? ሰውነታችን ውስጥ ስለሚገባው ነገር ነው ወይስ ስለ ሌላ ነገር?

ብዙ ጊዜ ስለ ሌላ ነገር ነው።

በየክሊኒኩ በብዛት የሚገኘውን ዓይነት ማሽን እንውሰድ። ስክሪኑ ላይ «2.0 ባር፣ 10 ኸርዝ፣ 2000» ይላል። 10 ኸርዝ ማለት በሰከንድ አሥር ጊዜ ይመታል፣ 2000 ደግሞ ጠቅላላ የምቱ ብዛት ነው። እነዚህ ሁለቱ ግልጽ ናቸው። ችግሩ ባሩ ላይ ነው፤ ባር የግፊት መለኪያ ነው። ባለሙያው እጅ ላይ ያለው ሀንድፒስ ውስጥ ቀጭን ቱቦ አለ፤ ቱቦው ውስጥ አንዲት ትንሽ ብረት እንደ ጥይት ትመላለሳለች። ኮምፕረሰሩ የታመቀ አየር ሲለቅባት ተወርውራ ጫፉ ላይ ያለውን ብረት ትመታለች፤ ያ ምት በቆዳ በኩል ወደ ውስጥ ይገባል። «2 ባር» የሚባለው እንግዲህ ጥይቷን የወረወራት የአየር ግፊት ነው። ጅማታችን ላይ የደረሰው ግፊት አይደለም። ሚኒባስም ቪትዝም ነዳጁን እኩል ቢረግጡ እኩል ፍጥነት አይሄዱም፤ ባርም የመርገጫው ልክ እንጂ የፍጥነቱ አይደለም። የቱቦው ርዝመት፣ የጥይቷ ክብደት፣ የጫፉ ስፋትና ቅርጽ ከማሽን ማሽን ስለሚለያይ የአንዱ ሁለት ባር ከሌላው ሁለት ባር ጋር ላይገናኝ ይችላል። አንዳንዶቹ ደግሞ ቁጥሩን በሚሊጁል ያሳያሉ፤ እሱም ቢሆን ሀንድፒሱ ላይ ያለው ጉልበት ነው፣ በእያንዳንዷ ስኩዌር ሚሊሜትር ሥጋ ላይ ያረፈው አይደለም።

አንድ ታካሚ ክሊኒክ ሲቀይር «እዚያ በሦስት ባር ነበር የሚሠራልኝ፣ እዚህ በሁለት ነው፣ ቀነሱብኝ» ብሎ ቢከራከር አይፈረድበትም። ግን ክርክሩ መሠረት የለውም። ባለሙያውም «ያው ነው» ብሎ ቢመልስለት እንደዚያው።

ሌላም መለየት ያለበት ነገር አለ። ይህ በአየር የሚሠራው ማሽን የሚያወጣው ሞገድ ከጫፉ እየተበተነ የሚሄድ ነው። ግፊቱ ቢበዛ ወደ 10 ሜጋፓስካል (አንዱ ሜጋፓስካል 10 ባር ነው) ይጠጋል፤ ቀስ ብሎም ነው የሚወጣው፣ ቀስ ማለቴ በማይክሮሰከንድ ሚዛን ነው። በፊዚክስ ሚዛን ከሄድን ሾክ ዌቭ ለመባል አይበቃም። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽንም ለይቶታል፤ አንድ ነጥብ ላይ የሚያነጣጥሩት ማሽኖች መለኪያ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1998 ሲወጣ፣ ለማያነጣጥሩት ደግሞ ሌላ ደንብ በ2020 ወጥቶላቸዋል። የሚያነጣጥሩት፣ የጠጠር መስበሪያዎቹን ጨምሮ፣ ከ10 እስከ 100 ሜጋፓስካል ይደርሳሉ። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የከተማችን አየር ግፊት 0.076 ሜጋፓስካል አካባቢ ነው። 40 ሜጋፓስካል የሚያወጣ ማሽን እንግዲህ አሁን ከሚጫነን አየር ከ500 እጥፍ በላይ የሚሆን ግፊት ያመጣል። ለዚያውም ለአፍታ ብቻ።

ያቺ አፍታ ናት መለኪያውን ሁሉ የምታስቸግረው። ግፊቱ ከዜሮ ተነስቶ ጫፍ ላይ የሚወጣው በናኖሰከንዶች ውስጥ ነው፤ ናኖሰከንድ የሰከንድ ቢሊዮንኛ ናት። ከዚያ ይወርድና ከዜሮ በታች ይገባል፤ ውሃውን መጫኑን ትቶ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ሁሉም ነገር በአምስት ማይክሮሰከንድ አካባቢ ያልቃል። ይህን ለመለካት ውሃ ገንዳ ውስጥ ሃይድሮፎን የሚባል መሣሪያ ይነከራል፤ የውሃ ውስጥ ማይክሮፎን በሉት። ሃይድሮፎኑ ዘገምተኛ ከሆነ የሞገዱ ሹል ጫፍ ሳይታየው ያልፋል፤ ተቆርጦና ደንዝዞ ይመዘገባል፣ ቁጥሩም ከእውነተኛው ያንሳል። የሚዳስሰው ቦታ ሰፊ ከሆነ ደግሞ መሃሉን ከዳሩ ጋር ቀላቅሎ አማካዩን ይሰጠናል፤ እሱም ያሳንሳል።

ድሮ በብዛት ይሠራበት የነበረው ግፊት ሲያርፍበት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ስስ ፕላስቲክ ነው። ጥሩ ነው፣ ዛሬም ይሠራበታል። ድክመቱ የሚታየው በሁለተኛው የሞገድ ክፍል፣ በመጎተቻው ላይ ነው። ውሃ ፕላስቲክን አጥብቆ አይዝም። ሞገዱ ሲጎትተው ውሃው ከፕላስቲኩ ላይ ይላቀቃል፤ መሃል ላይ ባዶ አረፋ ይፈጠራል፤ መሣሪያውም መጎተቱን በሙሉ ሳያየው ይቀራል። ይሄ ትንሽ ስህተት አይደለም፤ ጠጠር የሚሰብረውም፣ የደም ሥር የሚጎዳውም በከፊል ያ መጎተት የሚፈጥረው አረፋ ነውና። ጉዳት የሚያመጣውን ክፍል አሳንሶ የሚያይ መለኪያ ይዘን ስለ ደኅንነት ማውራት ይከብዳል።

እ.ኤ.አ. በ1993 ጀርመኖቹ ስታውደንራውስና አይዘንመንገር ከሽቱትጋርት ዩኒቨርሲቲ መላ አመጡ። የኢንተርኔት ኬብል ውስጥ እንዳለው ያለች ክር የመሰለች መስታወት፣ ማለትም ፋይበር፣ ውሃ ውስጥ ትነከራለች፤ በውስጧ የሌዘር ብርሃን ይላካል። ጫፏ የሚዳስሰው ቦታ አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ያህል ነው። ብርሃኑ ጫፉ ጋ ሲደርስ አብዛኛው ወደ ውሃው ያልፋል፤ ከሺህ ሁለት ያህሉ ብቻ ተንጸባርቆ ይመለሳል። ግፊት ውሃውን ሲያጠጥረው የሚመለሰው ብርሃን መጠኑ ይለወጣል፣ ከዚያ ለውጥ ግፊቱ ይሰላል። ውሃ መስታወትን ከፕላስቲክ አጥብቆ ስለሚይዝ መጎተቱም በደንብ ይታያል። የሚያምር ሐሳብ ነው፣ እኔ በግሌ ባነበብኩት ቁጥር ይገርመኛል።

ግን እሱም የራሱ ጣጣ አለው። የሚመለሰው ብርሃን ትንሽ በመሆኑ ንባቡ ጫጫታ ይበዛበታል። ጫጫታውን ለማጥፋት ብዙ ምት ለክቶ አማካይ መውሰድ የተለመደ ነው፤ ሆኖም ማሽኑ በኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚሠራ ከሆነ አንዱ ምት ከሌላው እኩል አይደለም፣ አማካዩም የማንኛቸውንም መልክ አይይዝም። ሞገዱ የፋይበሯ ጠርዝ ላይ ተጋጭቶ የሚፈጥረው ተጨማሪ ግፊትም አለ፤ ያንን በሂሳብ ካልቀነሱት ቁጥሩ ያብጣል። ደግሞም ጫፏ ትሰበራለች። ሞገዱ መስታወቷን ይመታታል፣ ትሰነጠቃለች፣ እንደገና ተቆርጣ ትስተካከላለች፣ ልኬቱ ይቀጥላል። የሚለካው ነገር መለኪያውን እየሰባበረ ማለት ነው።

ሃይድሮፎን ራሱ ደግሞ መስተካከል፣ ካሊብሬት መደረግ አለበት። ይህን የሚሠሩ ትልልቅ ቤተ ሙከራዎች አሉ፤ ጀርመን ብራውንሽቫይግ ያለው ፒቲቢ እና እንግሊዝ ቴዲንግተን ያለው ኤንፒኤል በጉዳዩ ስማቸው ቀድሞ የሚነሳ ነው። እነሱ ጋርም ቢሆን ካሊብሬሽኑ በአብዛኛው የሚከናወነው በትንሽ ግፊት ነው፤ እዚያ የተገኘው ልክ በአሥር እጥፍና ከዚያ በላይ በሆነ ግፊትም ይሠራል ተብሎ ይወሰዳል። ፕላስ ማይነስ 10 በመቶ ማግኘት በዚህ መስክ የሚያሳፍር አይደለም።

10 በመቶ ምን ያህል ያጎድላል? እስቲ እናስላው። የሞገድ ጉልበት የሚሄደው በግፊቱ ሳይሆን ግፊቱ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው ነው። 30 ሜጋፓስካል የሆነ ግፊት ለአንድ ማይክሮሰከንድ ቢቆይ፣ ቅርጹን ቀለል አድርገን ብናስበው፣ ውሃ ውስጥ 0.6 ሚሊጁል በስኩዌር ሚሊሜትር ይሰጣል። አሁን ሁለት ሰዎች ያንኑ ማሽን ለኩ እንበል። አንዱ 27 ሜጋፓስካል አገኘ፣ ሌላው 33። ሁለቱም ከእውነተኛው የራቁት በ10 በመቶ ብቻ ነው። ጉልበቱን ሲያሰሉ ግን የመጀመሪያው 0.49 ያገኛል፣ ሁለተኛው 0.73። ልዩነቱ ግማሽ ያህል ጭማሪ ሆነ! በዚያ ላይ አንዱ የመጫኛውን ክፍል ብቻ ደምሮ ሌላው መጎተቻውንም ጨምሮ ከሆነ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማስቀመጥም አይቻልም። በሕክምናው ጽሑፎች ውስጥ «ዝቅተኛ ጉልበት» እና «ከፍተኛ ጉልበት» የሚባሉት ክፍፍሎች የሚለያዩት በዚሁ ቁጥር ነው፤ ድንበሩ ራሱ ከጸሐፊ ጸሐፊ ይለያያል። ስለዚህ አንድ ጥናት «በዝቅተኛ ጉልበት ውጤት አገኘን» ሌላው «በዝቅተኛ ጉልበት ምንም አላገኘንም» ሲል ሁለቱ የተለያየ መጠን ሰጥተው ሊሆን ይችላል። በሾክ ዌቭ ዙሪያ ያለው ውዝግብ ጥቂት የማይባለው ክፍል ከዚህ የሚመጣ ይመስለኛል።

ቁጥር ማሳደድ ምን እንደሚያስከትል ከጠጠር መስበሪያ ታሪክ በላይ የሚያሳይ የለም። ዶርኒየር የአውሮፕላን ኩባንያ ነበር። የዝናብ ጠብታ በከፍተኛ ፍጥነት የሚበርን አውሮፕላን ሲመታ ምን እንደሚያደርግ ሲያጠኑ ነው ወደ ሾክ ዌቭ የገቡት። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1980 ሙኒክ ውስጥ ዶክተር ክርስቲያን ሾሲና ባልደረቦቻቸው የመጀመሪያውን ታካሚ አከሙ። ቀጥሎ የወጣው ኤችኤም3 የተባለው ማሽን ታካሚውን አደንዝዞ ገንዳ ውሃ ውስጥ የሚያስገባ ነበር፣ ለአሠራር የማይመች፣ ግዙፍ። ከዚያ በኋላ የመጡት ገንዳውን አስወገዱ፣ ማነጣጠሪያቸውን አጠበቡ፣ የጫፍ ግፊታቸውን ከፍ አደረጉ። በወረቀት ላይ የተሻሉ ነበሩ። ጠጠር በመጨረስ ግን ኤችኤም3ን ብዙዎቹ አልበለጡትም፤ ሕክምናውን ደጋግሞ መስጠት አስፈለገ። ኩላሊት ከትንፋሽ ጋር ይወጣል ይወርዳል፤ የጠበበው ምት ጠጠሩን ይስታል፣ ጠንካራ በመሆኑ ደግሞ የሳተው ነገር ላይ ያርፋል። የኩላሊት መድማት አንዱ የታወቀ ጉዳት ነው።

ይህን ያባባሰ አንድ የአለካክ ልማድ አለ። የማነጣጠሪያው ስፋት የሚገለጸው ግፊቱ ከከፍተኛው ልኩ ግማሽ እስከሚደርስበት ድረስ ባለው ቦታ ነው። የጫፍ ግፊቱ 100 ሜጋፓስካል የሆነ ማሽን ስፋቱ የሚቆጠረው እስከ 50 ድረስ ነው፤ የጫፍ ግፊቱ 40 የሆነው ደግሞ እስከ 20 ድረስ። እንግዲህ የመጀመሪያው ማሽን ማኑዋል ላይ «4 ሚሊሜትር» ተብሎ የተጻፈው ቦታ ካበቃ በኋላም 45 ሜጋፓስካል አለ፤ ከሁለተኛው ማሽን የጫፍ ግፊት የሚበልጥ። አንባቢው ግን 4 ሚሊሜትሩን አይቶ ከዚያ ውጭ ምንም የለም ብሎ ያስባል። ደንቡ ስህተት አይደለም፣ ብቻውን ሲነበብ ነው የሚያሳስተው።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ደግሞ ውሃ ውስጥ ነው። ሰው ውሃ አይደለም። ቆዳው፣ ስቡ፣ ጡንቻው ሞገዱን ይበላዋል፣ በተለይ ሹል ጫፉን። ማሽኑን ከቆዳ ጋር ለማገናኘት የሚቀባው ጄልም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት በማሽኑ ራስና በታካሚው መካከል ካለው ቦታ 2 በመቶውን ብቻ የአየር አረፋ ቢሸፍነው የጠጠር መሰባበር ከ20 እስከ 40 በመቶ ቀንሷል። በጀርመን ቤተ ሙከራ ተለፍቶበት በ10 በመቶ የተገደበ ስህተት፣ እዚህ ጄሉ በችኮላ ስለተቀባ በእጥፍ ሲጨምር አስቡት። ጄሉን ከጠርሙሱ አንድ ቦታ ላይ አፍስሶ የማሽኑን ራስ ቀስ ብሎ በመጫን እንዲዘረጋ ማድረግ ይሻላል፤ በእጅ እየጠረጉ መለቅለቅ አየር ያስገባል።

የከፍታችን ነገርም ያሳስበኛል፣ ብዙ ሲወራበት ስለማላይ። የሞገዱ መጫኛ ክፍል አዲስ አበባም ሆነ ሐምቡርግ ብዙ አይለወጥም። አረፋው ግን ዙሪያውን የሚጫነው አየር ካነሰ ተጨምድዶ ለመጥፋት ይዘገያል፤ እኩል መጠን ያለው አረፋ እዚህ ከባሕር ጠረፍ በ15 በመቶ ገደማ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ታካሚ ላይ ለውጥ ያመጣል አላልኩም። ነገር ግን ማሽኑ የተለካው ከእኛ ዝቅ ባለ ከፍታ ላይ ሊሆን እንደሚችል መያዝ ጥሩ ነው፣ በተለይ ምት በምት ላይ በፍጥነት ሲደረብ፤ የቀደመው አረፋ ሳይጠፋ ቀጣዩ ምት ይመጣልና። ለጠጠር በደቂቃ 60 ምት ከ120 የተሻለ እንደሚሰብር በተደጋጋሚ ታይቷል።

አንድ ማስታወሻ ነፍሰ ጡር ለሆናችሁ፦ ይህ ሁሉ ስለ ተራው የአልትራሳውንድ ምርመራ አይደለም። ያኛው ወሰን የተበጀለት ሌላ መሣሪያ ነው።

ወደ ማሽኖቻችን እንመለስ። ሀንድፒስ ያልቃል። ጥይቷ በሚሊዮን ጊዜ ስትመታ ጫፏ ይበላል፣ የጎማ ቀለበቶቹ ይላላሉ፣ አየር ያመልጣል። አምራቾቹ ራሳቸው ከዚህን ያህል ምት በኋላ ዕቃ ቀይሩ ብለው ይጽፋሉ። ስክሪኑ ግን ያኔም 2.0 ባር ነው የሚለው። በብልጭታ የሚሠሩት ላይም ኤሌክትሮዱ እየተበላ ሲሄድ ምቱ ይለዋወጣል። በቀን ሃያ ሰው የሚያክም ክሊኒክ፣ ለእያንዳንዱ 2000 ምት ቢሰጥ፣ በሃያ አምስት የሥራ ቀን አንድ ሚሊዮን ይሞላል። አንድ ወር!

ታዲያ ማን ይፈትሽ? በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የሕክምና መሣሪያ ቁጥጥር የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሥራ ነው። ፈቃድ ግን ማሽኑ ሲገባ ስለነበረበት ሁኔታ ይናገራል፤ ከሚሊዮን ምት በኋላ ምን እንደሚያወጣ የሚናገር ሌላ ልኬት ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ሥነ-ልክ ኢንስቲትዩት የግፊት መለኪያ ያስተካክላል፤ የኮምፕረሰሩን ጌጅ ወስደን ብናስተካክለው ግን ያው የመርገጫውን ልክ ነው ያረጋገጥነው።

ይህን ስል ነገ ፋይበር ሃይድሮፎን ይገዛ ማለቴ አይደለም። ትክክለኛውን ቁጥር ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ቁጥሩ መለወጡን ማወቅ ሌላ። ሁለተኛው በጣም ርካሽ ነው፣ ለታካሚውም ቶሎ የሚደርሰው እሱ ነው። ለጠጠር መስበሪያ በዓለም የተለመደው ዘዴ ከጄሶ የተሠራ አርቴፊሻል ጠጠር ነው። በአንድ ቅርጽ፣ በአንድ ድብልቅ ይሠራል፣ ውሃ ውስጥ ይነከራል፣ ማሽኑ ፊት ይቀመጣል፤ ስባሪው በሙሉ በ2 ሚሊሜትር ወንፊት እስኪያልፍ ስንት ምት እንደፈጀ ይቆጠራል። በየሦስት ወሩ ያንኑ መድገም ነው። ምቱ እየበዛ ከሄደ ማሽኑ ደክሟል። ለአየር ማሽኖቹ ደግሞ ከላስቲክ ብሎክ ሥር ግፊት የሚሰማ ስስ ፊልም ለጥፎ የኤሌክትሪክ ምልክትን በስክሪን ከሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ ጋር ማገናኘት ይበቃል። አምስት ኪሎ የባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ትምህርት አለ፤ ተግባረ ዕድ የሕክምና መሣሪያ ጥገና ይማሩበታል። ለመመረቂያ ፕሮጀክት ከዚህ የተሻለ ርዕስ አላውቅም፤ ከተማው መሃል ያሉ ክሊኒኮች ሀንድፒሳቸውን ይዘው በእግር የሚደርሱበት ቦታ ነው።

እስከዚያው ባለሙያዎች አንድ ነገር ዛሬ መጀመር ይችላሉ። በታካሚው ካርድ ላይ «ሾክ ዌቭ፣ 2 ባር፣ 2000» ብቻ አትጻፉ። የማሽኑን ሞዴል፣ የተገጠመውን ራስ፣ ሀንድፒሱ እስከዚያ ቀን የመታውን ጠቅላላ ምት ጨምሩበት። ብዙዎቹ ማሽኖች ጠቅላላውን ቆጥረው ያስቀምጡታል። ታካሚዎችም ይህንኑ ጠይቁ፦ የሚያነጣጥር ነው ወይስ የሚበተን፣ ሀንድፒሱ ስንት መታ፣ ዕቃው የተቀየረው መቼ ነው። መልሱን ካርዳችሁ ላይ አስጽፉት፤ ክሊኒክ ስትቀይሩ ቀጣዩ ባለሙያ ከባር የተሻለ ነገር ያገኛል።